ማትሪክስን በእጅ መማር፦ ከፊደል ገበታ እስከ ሰሚት ታክሲ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ያለ መምህር፣ በራሳቸው ጥረት ሂሳብ ለሚማሩ የተሰናዳ ነው። ርዕሳችን ማትሪክስና ሊኒየር አልጀብራ ነው። የምትችሉ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ አቅርቡ። ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ በጆሯችሁ ተከተሉን፤ በቃል እንዲያዙ ብለን ቁጥሮቹን ትንንሽ አድርገናቸዋል።

ርዕሱን ያለ ምክንያት አላነሳነውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት በስልክና በኮምፒውተር ለሚማር ሁሉ ቀርቦለታል። ይህን ትምህርት ጀምሮ ጠለቅ ማለት የሚፈልግ ሰው ውሎ አድሮ ከማትሪክስ ጋር ይገናኛል። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ እግራቸው ይያዛል። በ11ኛ ክፍል ሂሳብ ተምረውታል፤ ረድፉን ከዐምዱ ጋር ማባዛትና መደመር እንዳለባቸውም ያስታውሳሉ። ለምን እንዲያ እንደሚደረግ ግን አያውቁም።

ዛሬ የምንነግራችሁ ዋና ነገር አንድ ነው። ማትሪክስ ሥራ የሚሠራ ሠንጠረዥ ነው። ሥራውን በሁለት በሁለት ቁጥር፣ በገዛ እጁ ሠርቶ ያየ ሰው ሺህ በሺህ የሆነውንም አይፈራውም።

ከሠንጠረዡ እንጀምር። ማትሪክስ በረድፍና በዐምድ የተደረደሩ ቁጥሮች ስብስብ ነው። ረድፉ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ዐምዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ ያለውን አደራደር አገራችን ለልጆቿ ከንባብ ጋር አብራ ስታስተምር ኖራለች። የፊደል ገበታችንን አስቡት። 33 ረድፍና 7 ዐምድ፣ በድምሩ 231 ፊደል አለው። ሁለተኛው ረድፍ ለ ነው፤ አራተኛው ዐምድ ራብዕ ነው። ሁለተኛ ረድፍ፣ አራተኛ ዐምድ ያለ ሰው ጣቱ "ላ" ላይ ያርፋል። አራተኛ ረድፍ፣ ሁለተኛ ዐምድ ካለ ደግሞ "ሙ" ላይ ይደርሳል። በማትሪክስም ደንቡ ይኸው ነው። አስቀድሞ ረድፉ ይጠራል፣ ከዚያ ዐምዱ። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ የምናገኘው ቁጥር ሌላ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ሕፃኑ ሀ፣ ሁ፣ ሂን ወደ ጎን ቆጥሮ ሲጨርስ አቡጊዳ ይሰጠዋል። ፊደላቱ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ ተብለው ይሰለፋሉ። ንባቡ ግን ከአ ግዕዙን፣ ከበ ካዕቡን፣ ከገ ሣልሱን እያነሳ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ይላል። በሰባት በሰባት ሠንጠረዥ ላይ ይህ ንባብ ከላይ ከግራ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ቀኝ ግርጌ ይወርዳል። በሊኒየር አልጀብራ ይህ ዋናው ሰያፍ ነው፤ ቆየት ብለን እንመለስበታለን። ፊደሉን በቅደም ተከተሉ ብቻ የሸመደደ ልጅ አቡጊዳ ላይ ሲደርስ ይታወቅበታል። ማትሪክስንም በቃል የያዘና የገባው ሰው የሚለዩት ልክ እንደዚሁ ሠንጠረዡን በሌላ አቅጣጫ አንብብ ሲባሉ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሠንጠረዡን ሥራ እናስጀምረው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ሱቅ ገዙ እንበል። አንደኛዋ 2 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ኪሎ ድንች ገዝታ 340 ብር ከፈለች። ሁለተኛዋ 1 ኪሎ ሽንኩርትና 2 ኪሎ ድንች ገዝታ 200 ብር ከፈለች። ዋጋው ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ነው። የአንዱ ኪሎ ዋጋ ስንት ነው?

ወረቀት የያዛችሁ በመጀመሪያው ረድፍ 2 እና 3፣ በሁለተኛው ረድፍ 1 እና 2 ጻፉ። ማትሪክሳችን ይህ ነው። የሽንኩርቱና የድንቹ ዋጋ አንዱ ከሌላው በታች ሲጻፍ ቬክተር ይባላል። 340 እና 200ም እንዲሁ ሌላ ቬክተር ናቸው። እንግዲህ ማትሪክሱ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፦ ዋጋ ይቀበላል፣ ሂሳብ ያወጣል። የእኛ ጥያቄ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የወጣውን ሂሳብ ይዘን የገባውን ዋጋ እንፈልጋለን።

የሁለተኛዋን ግዢ እጥፍ እናድርገው፤ 2 ኪሎ ሽንኩርትና 4 ኪሎ ድንች፣ 400 ብር። ከዚህ ላይ የመጀመሪያዋን ግዢ እንቀንስ። ሽንኩርቱ ይጠፋል፤ 1 ኪሎ ድንች 60 ብር ሆኖ ይቀራል። ይህን ይዘን ወደ ሁለተኛዋ ግዢ ስንመለስ ሽንኩርቱ 80 ብር ይሆናል። አንዱን ረድፍ እያባዙ ከሌላው መቀነስ፣ የማይታወቁትንም አንድ በአንድ እያስወገዱ መሄድ ይህ ነው። ዘዴው ዛሬ በጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ በጋውስ ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት በቻይና የተዘጋጀው ዘጠኙ ምዕራፎች የተባለው የሂሳብ መጽሐፍ በስምንተኛው ምዕራፉ ይህንኑ ዘዴ በእህል ምርት ጥያቄዎች ያስተምር ነበር።

እዚህ ላይ በራሳቸው የሚማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበትን ዲተርሚናንት እንመልከት። ለሁለት በሁለት ማትሪክስ በዋናው ሰያፍ ላይ ያሉትን ሁለቱን አባዙ፣ ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን አባዝታችሁ ቀንሱ። በእኛ ምሳሌ 2 ሲባዛ በ2፣ ሲቀነስ 3 ሲባዛ በ1፣ ውጤቱ 1 ነው። ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? ሁለተኛዋ ጎረቤት 4 ኪሎ ሽንኩርትና 6 ኪሎ ድንች ገዝታ 680 ብር ከፍላ ቢሆን ኖሮ አስቡት። ግዢዋ የመጀመሪያዋ እጥፍ ብቻ ነው፤ ምንም አዲስ ወሬ አላመጣችልንም። ዲተርሚናንቱን ብትሰሉት 2 ሲባዛ በ6 ሲቀነስ 3 ሲባዛ በ4፣ ዜሮ ነው። ዲተርሚናንቱ ዜሮ ከሆነ ከረድፎቹ መካከል ከሌሎቹ የተለየ ነገር የማይናገር አለ ማለት ነው፤ አንድ ቁርጥ ያለ መልስም አይገኝም።

ዜሮ ካልሆነ ግን ማትሪክሱ የሠራውን መልሶ የሚያፈርስ ሌላ ማትሪክስ አለው። ኢንቨርስ ይባላል። የእኛው ማትሪክስ ኢንቨርስ በመጀመሪያው ረድፍ 2 እና ኔጌቲቭ 3፣ በሁለተኛው ረድፍ ኔጌቲቭ 1 እና 2 ነው። ሞክሩት። 2 ሲባዛ በ340 ሲቀነስ 3 ሲባዛ በ200፣ 80 ይመጣል። ኔጌቲቭ 340 ሲደመር 2 ሲባዛ በ200፣ 60 ይመጣል። ጥቅሙ በማግስቱ ይታያል። ጎረቤታሞቹ ያንኑ መጠን ገዝተው 370 እና 220 ብር ቢከፍሉ ስሌቱን እንደገና አንጀምርም። አዲሶቹን ቁጥሮች ኢንቨርሱ ውስጥ እናስገባለን፤ ሽንኩርቱ በ80 ብሩ እንዳለ፣ ድንቹ ወደ 70 ብር እንደወጣ ወዲያው እናውቃለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ማትሪክስ ብዜት እንሻገር። ረድፍን ከዐምድ ጋር ማባዛትና መደመር ከየት መጣ? መልሱን ታክሲ ይዘን እንፈልገው። አራት ቦታዎች እንውሰድ፦ ሰሚት፣ መገናኛ፣ ቦሌ፣ ፒያሳ። ለምሳሌያችን ሲባል ከሰሚት ወደ መገናኛና ወደ ቦሌ ቀጥታ ታክሲ አለ፤ ወደ ፒያሳ ግን የለም እንበል። መገናኛና ቦሌ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ወደ ፒያሳ ታክሲ አላቸው፤ በየመስመሩም መመለሻ አለ። ቀጥታ ታክሲ ካለ 1፣ ከሌለ 0 እንጻፍ። የሰሚት ረድፍ 0፣ 1፣ 1፣ 0 ይሆናል። ይህም ከሰሚት ወደ ሰሚት የለም፣ ወደ መገናኛ አለ፣ ወደ ቦሌ አለ፣ ወደ ፒያሳ የለም ማለት ነው። የፒያሳ ዐምድ ደግሞ ከላይ ወደ ታች 0፣ 1፣ 1፣ 0 ነው። ከሰሚት ወደ ፒያሳ የለም፣ ከመገናኛ አለ፣ ከቦሌ አለ፣ ከፒያሳ ወደ ራሱ የለም።

ከሰሚት ተነስቶ አንድ ጊዜ ታክሲ ቀይሮ ፒያሳ መድረስ የሚፈልግ ሰው ስንት አማራጭ አለው? ረድፉንና ዐምዱን አንድ ለአንድ እያጣመራችሁ አባዙ። 0 በ0፣ ዜሮ። 1 በ1፣ አንድ፤ ይህ በመገናኛ በኩል ነው። 1 በ1፣ አንድ፤ ይህ በቦሌ በኩል ነው። 0 በ0፣ ዜሮ። ድምሩ 2። ማባዛቱ የሚጠይቀው "የመጀመሪያው ታክሲ አለ ወይ? ሁለተኛውስ አለ ወይ?" ብሎ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ዜሮ ይሆናል፣ ጉዞው አይሳካም። መደመሩ ደግሞ የተሳኩትን አማራጮች ሁሉ ይሰበስባል። ረድፉ የመነሻው ነው፤ ዐምዱ የመድረሻው ነው። የማትሪክስ ብዜት ደንብ ትርጉሙ ይህ ነው።

ሠንጠረዡን በራሱ አባዝታችሁ ስትጨርሱ ዋናውን ሰያፍ እዩት። በሰሚት ቦታ 2፣ በመገናኛ ቦታ 3 ታገኛላችሁ። ከሰሚት ወጥቶ በሁለት ታክሲ ወደ ሰሚት መመለስ የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው፤ ወደ መገናኛ ደርሶ መልስ፣ ወደ ቦሌ ደርሶ መልስ። መገናኛ ሦስት ጎረቤቶች ስላሉት ሦስት ሆነ። አቡጊዳ የሚነበብበት መስመር እዚህ ደግሞ የየቦታውን ቀጥታ መስመሮች ይቆጥርልናል።

ስለ ብዜት አንድ ነገር እንጨምር። በተራ ቁጥር 3 በ5 እና 5 በ3 እኩል ናቸው። በማትሪክስ ግን ቅደም ተከተሉ መልሱን ሊለውጠው ይችላል። ወረቀታችሁን አንሱና ራስጌው ላይ ምልክት አድርጉ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዙሩት፤ ከዚያ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልብጡት። ራስጌው በግራ በኩል ይሆናል። አሁን እንደነበረ መልሱትና መጀመሪያ ገልብጡት፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዙሩት። ራስጌው በቀኝ በኩል ሆነ። ማዞርም መገልበጥም በማትሪክስ የሚጻፉ ሥራዎች ናቸው። የትኛው እንደሚቀድም ካልተጠነቀቃችሁ የኮምፒውተር ሥዕል የሚሠራ ፕሮግራማችሁ ሌላ ቦታ ያርፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ሁሉ በትልቁ ዓለም ምን ይሠራል? የታክሲውን ሠንጠረዥ ወደ ኢንተርኔት አምጡት። ቦታዎቹ ድረ ገጾች፣ ታክሲዎቹ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግሩ ማገናኛዎች ይሁኑ። እ.ኤ.አ. በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሰርጌ ብሪንና ላሪ ፔጅ ያነሱት ጥያቄ አንድ ሰው ከገጽ ወደ ገጽ ያለማቋረጥ ቢሻገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው የት ነው የሚል ነበር። ማትሪክሱ ደጋግሞ ሲባዛ የየገጹ ድርሻ እየረጋ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቢባዛም የማይለወጥ ቬክተር ይገኛል። እንዲህ ተባዝቶም አቅጣጫውን የማይለቅ ቬክተር አይገንቬክተር ይባላል። የጉግል ፍለጋ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

በኢኮኖሚም እንዲሁ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ ዋሲሊ ሊዮንቲፍ አንዱ የምርት ዘርፍ ከሌላው ምን ያህል እንደሚገዛ በሠንጠረዥ አስፍሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በሃርቫርድ ባለ 42 ኢኩዌሽን ስሌት በዘመኑ ግዙፍ ኮምፒውተር አሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1973ም የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የዚህ ሥራ ዘር ወደ አገራችንም ደርሷል። የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት የ1998 ዓ.ም.ን የአገሪቱን ኢኮኖሚ የሚያሳይ የማኅበራዊ ሂሳብ ማትሪክስ አዘጋጅቶ ነበር። በእንዲህ ያለው ማትሪክስ ረድፉ ገቢን፣ ዐምዱ ወጪን ይናገራል፤ የእያንዳንዱ ረድፍ ድምር ከአቻው ዐምድ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። አንዱ የከፈለው ብር ሌላው ዘንድ ይገኛል ማለት ነው።

በስልካችሁ ያነሳችሁት ፎቶም ማትሪክስ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ እያንዳንዷ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ያለች ቁጥር ናት፤ ዜሮ ድፍን ጥቁር፣ 255 ነጭ። ባለ ቀለም ከሆነ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ማትሪክሶች ይደራረባሉ። ፊት የሚለይ ኮምፒውተር ሰውን አያይም፤ እነዚህን ቁጥሮች በሌሎች ማትሪክሶች ያባዛል። አዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ከፊት ተነስተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ሥርዓቶች ፈትሻለች። ጠቆር ያለ መልክ ባላቸው ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል፤ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ግን ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ስሌቱ ሲሠራ የእኛን መልክ የያዙ ፎቶዎች በመማሪያው ውስጥ ካነሱ ኮምፒውተሩ እኛን አይማርም። ማትሪክስን ማወቅ እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመጠየቅና ለማረም ያስችላል።

ትምኒትና እንደ እርሷ አዲስ አበባ የተወለደችው ረድኤት አበበ እ.ኤ.አ. በ2017 ጥቁር ተመራማሪዎችን የሚያሰባስበውን ብላክ ኢን ኤአይን ከመሠረቱት መካከል ናቸው። ረድኤት በሃርቫርድ የተማረችው ሂሳብ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አይሲኤልአር የተባለው ትልቅ ዓለም አቀፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ እዚሁ ቦሌ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ሊካሄድ ታቅዶ በኮቪድ ምክንያት በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ። ጉባኤው ባይመጣም ትምህርቱ ደጃችን ላይ ነው።

እንግዲህ በራሳችሁ ለምትማሩ የምንመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያ የ11ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፋችሁን ከመደርደሪያ አውርዱ፤ የማትሪክስንና የዲተርሚናንትን ምዕራፍ ልምምዶች በእጃችሁ ጨርሱ። ከዚያ ጊልበርት ስትራንግ በኤምአይቲ የሰጡትን ሙሉ ትምህርት ተከታተሉ። እኚህ መምህር ከ60 ዓመት በላይ አስተምረው እ.ኤ.አ. በ2023 ጡረታ ወጥተዋል፤ ትምህርታቸው ግን በቪዲዮ በነጻ ይገኛል። ሥዕል አይተው ለሚገባቸው ግራንት ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2016 ያዘጋጃቸው አጫጭር ቪዲዮዎች አሉ። መጽሐፍ ለምትሹ የጂም ሄፈሮን የሊኒየር አልጀብራ መጽሐፍ ከነልምምዱ መልስ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ጸጥ ያለ ቦታ ያጣ ሰው አራት ኪሎ የሚገኘውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይጠቀም።

ቅደም ተከተሉንም አትዝለሉ። ኢኩዌሽን በማስወገድ መፍታት ይቅደም፤ ቀጥሎ ብዜት፣ ኢንቨርስ፣ ዲተርሚናንት፤ አይገንቬክተር በመጨረሻ። ቪዲዮ አይቶ ገባኝ ማለት ያታልላል። ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ ስልኩን አስቀምጡና ምሳሌውን በባዶ ወረቀት እንደገና ሥሩት። ኮምፒውተር ላይ የምታሠሩትም በእጃችሁ የሠራችሁትን ለማረጋገጥ ይሁን። በየማትሪክሱ ፊት ቆማችሁ "ይህ ምን ይቀበላል፣ ምን ያወጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ አጥኑ፤ ለጓደኛ ማስረዳት ያልገባንን ቶሎ ያሳየናል።

ለዛሬ የቤት ሥራ እንሰጣችኋለን። ከዚያው ከጥንቱ የቻይና መጽሐፍ የተወሰደ ነው። 3 ነዶ ጥሩ እህል፣ 2 ነዶ መካከለኛና 1 ነዶ ዝቅተኛ እህል ሲወቃ 39 መስፈሪያ ይወጣዋል። 2 ጥሩ፣ 3 መካከለኛና 1 ዝቅተኛ 34 መስፈሪያ። 1 ጥሩ፣ 2 መካከለኛና 3 ዝቅተኛ 26 መስፈሪያ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ነዶ ስንት ይወጣዋል? ከመጀመሪያው ሁለተኛውን በመቀነስ ጀምሩ። መልሱ በቅደም ተከተል 9.25፣ 4.25 እና 2.75 ነው። መልሱን አስቀድመን የነገርናችሁ መንገዱን እንድትፈልጉ ነው። እርሳሱን ዛሬ ማታ አንሱ፤ ይህን ጥያቄ በገዛ እጁ የፈታ ሰው ሊኒየር አልጀብራን ጀምሯል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)